መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ኡቡንቱ አልነሳ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ኡቡንቱ 22.04 (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን የሊኑክስ ሲስተም) የጫንኩበት አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ። ባለፈው ሳምንት እየሠራሁ መብራት ድንገት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ጽሑፍ (ሲስተሙ ዋናውን ፓርቲሽን መክፈት ሲያቅተው የሚመጣውን) ያመጣና ቀጥ ይላል።

ዋናውን ፓርቲሽን (ሲስተሙ ያለበትን የዲስኩን ክፍል) የፋይል አደረጃጀት ስህተት ፈትሾ በሚያስተካክለው «ኤፍኤስሲኬ» ትእዛዝ አስፈተሽኩት። ብዙ ስህተት አስተካክሎ ተነሳ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በማግስቱ ግን ያው ሆነ። አሁንማ በቀን ሁለቴ ያደርገዋል።

ሰዓቱም በተከፈተ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። እሱ የማዘርቦርዱ ሲአር 2032 ባትሪ አልቆ ይመስለኛል፤ ነገ እቀይረዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀምሯል። ውስጡ የተማሪዎቼ ውጤትና የሟች አባቴ ፎቶዎች አሉ፤ ሌላ ቦታ ኮፒ የለኝም።

ሰፈር ያለ ጠጋኝ «ፎርማት አድርገህ ዊንዶውስ ጫንበት» አለኝ። ዲስኩ ከታመመ ሲስተም መቀየር ምን ይፈይዳል?

«ኤፍኤስሲኬ»ን መደጋገሜ ዲስኩን ይባስ ይጎዳው ይሆን? በላይቭ ፍላሽ (ዲስኩ ላይ ሳይጫን ሲስተም በሚያስነሳ ፍላሽ) አስነስቼ ፎቶዎቹን ብቻ ቶሎ ላውጣ ወይስ ሙሉውን ዲስክ ከታመመ ዲስክ መረጃ በሚያወጣው «ዲዲሬስኪው» ፕሮግራም ልገልብጠው? ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብልስ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል? እስክትመልሱልኝ አጥፍቼ አስቀምጬዋለሁ።