«ያልታየ ይሞታል» ሲባል፦ በነባር ሕዝቦች ወጣቶች የፎቶ ውድድር ላይ የተነሣ ክርክር

ዘካልጋሪ፦
ትናንት ለካናዳ ነባር ሕዝቦች ወጣቶች ስለሚዘጋጅ የባህላዊ ፈውስና የጤናማ ኑሮ የፎቶ ውድድር ስንወያይ፣ ባለካሜራው «ያልታየ እውቀት ይሞታል» ብለው ጻፉ፤ ብዙ ሰውም አጨበጨበላቸው። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የእነዚህ ሕዝቦች ፈውስ ለመጥፋት የተቃረበው ሳይታይ ቀርቶ ሳይሆን ተከልክሎ ነው። የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1884 ፖትላች የሚባለውን የስጦታ ሥርዓት በሕግ አገደ፤ በ1895 ክልከላውን አስፍቶ እንደ ፀሐይ ጭፈራ ያሉ ሥርዓቶችንም ጨመረበት፤ ድንጋጌው ከሕጉ የወጣው በ1951 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሥርዓቱ ለልጅ ልጅ የተረፈው ሽማግሌዎቹ ከሹመኛና ከሚስዮናዊ ዓይን ሰውረው ስላቆዩት ነው። ተሰውሮ የዳነውን ነገር «ካልታየ ይሞታል» ማለት ታሪኩን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ባለካሜራው፦
ዘካልጋሪ፣ የጻፉት ታሪክ እውነት ነው፤ ያወጡበት መደምደሚያ ግን አይከተልም። ያው መንግሥት ልጆቹን ከእናትና ከአያት ነጥሎ በአዳሪ ትምህርት ቤት አስገብቶ የገዛ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ሲያደርግ፣ ሥርዓቱን የደበቁት ሽማግሌዎች የሚያወርሱት ልጅ አጠገባቸው አልነበረም። ዛሬ ከነባር ሕዝቦቹ አንዲት የክሪ ወይም የብላክፉት ልጅ ካሜራ ይዛ ወደ አያቷ ሄዳ «ይህን ቅጠል ለምን ትለቅሚያለሽ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ከፎቶው ይልቅ ጥያቄው ይበልጣል። ውድድሩ ለጥያቄው ሰበብ ይሆናል። እኔ «ይታይ» ስል በመጀመሪያ ለልጅቷ ለራሷ ይታይ ማለቴ ነው።

ዘካልጋሪ፦
ትናንት «ለልጅቷ ለራሷ» የሚል ቃል አልጻፉም። ለአያት የሚቀርብ ጥያቄ ዳኛና ሽልማት የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። አሜሪካዊውን ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ከርቲስን ያስታውሱ። ከመቶ ዓመት በፊት የብላክፉት ወገን የሆኑትን የፒጋን ሰዎች በድንኳናቸው ውስጥ ፎቶ ሲያነሣ በመካከላቸው የማንቂያ ሰዓት ነበረ፤ በታተመው ምስል ላይ ግን ሰዓቱ ጠፍቷል። ፎቶውን የሚገዛው ሰው ሊያይ የሚፈልገው ሰዓት የሌለውን «ጥንታዊ» ሰው ነበርና። ውድድርም እንዲሁ ነው፤ ወጣቱ ዳኛው ምን እንደሚወድ ያውቃል፤ ላባ፣ ከበሮና ጭስ አሳምሮ ያቀርባል፤ አያቱን በእውነት ያዳናት ጸጥ ያለ ነገር ግን በምስል ስለማያምር ይቀራል።

ባለካሜራው፦
ከርቲስ ከውጭ የመጣ ሰው ነው። ለምን ፒተር ፒትሲዮላክን አያነሡም? ፒትሲዮላክ ራሱ ከሰሜን ካናዳ ነባር ሕዝብ ከኢኑይት ወገን ሲሆን በ1940ዎቹ በባፊን ደሴት የራሱን ሰዎች ፎቶ ያነሣ ነበር፤ ፊልሙን የሚያጥበውም ከባለቤቱ ከአጌኦክ ጋር ነበር። ካሜራውን የያዘው እጅ ሲለወጥ ምስሉም ይለወጣል። የዛሬ ወጣቶችንም ዳኛ ለማስደሰት ብቻ የሚያነሡ ደካሞች አድርገው መሳልዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የሚቃወሙትን ንቀት ራስዎ መድገም ነው።

ነርሷ፦
ሁለታችሁም ሕመምተኛውን ረሳችሁት። ኤድመንተን ውስጥ በሆስፒታል እሠራለሁ። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን በደል የመረመረው የካናዳ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች 22ኛው፣ የጤናው ዘርፍ የነባር ሕዝቦችን የፈውስ ልማድ ዋጋ እንዲያውቅና ታካሚው ሲጠይቅ ከፈዋሾችና ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ እንዲጠቀምበት ይላል። አንዳንድ ሆስፒታሎች ታካሚው በተቀደሰ ተክል ጭስ የሚታጠንበት ክፍል አዘጋጅተዋል። ጭሱን ሲያይ የእሳት አደጋ መስሎት የሚደነግጥ የሥራ ባልደረባ አይቼ ስለማውቅ፣ በኮሪደራችን ላይ አንድ ወጣት ያነሣው ፎቶ ቢሰቀል ብዙ ማብራሪያ ይቀንስልኝ ነበር። ዘካልጋሪ እንደሚፈሩት ሁሉም ነገር ምሥጢር አይደለም፤ ዓሣ ማጥመድም፣ በታንኳ መቅዘፍም፣ ከዘመድ ጋር መብላትም ለእነርሱ ፈውስ ነው።

ዘካልጋሪ፦
እህቴ፣ ለሆስፒታሉ ሠራተኞች ማስተማሪያ እንዲሆን ከሆነ፣ የሚስተካከለው የሠራተኞቹ ሥልጠና ነው እንጂ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፎቶ አንሥቶ የእናንተን አለማወቅ ሊያክም አይገባም።

ሕግ ጠያቂ፦
ፎቶው ከተነሣ በኋላ የማን ይሆናል? የብዙ ውድድሮች ደንብ አዘጋጁ ምስሉን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። የካናዳ ነባር ሕዝቦች ግን ከ1998 ጀምሮ ስለ እነርሱ የሚሰበሰብ መረጃ በባለቤትነት፣ በቁጥጥር፣ በተደራሽነትና በእጅ በመያዝ ረገድ የራሳቸው እንዲሆን የሚጠይቅ መርሕ አላቸው። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ 24ኛ አንቀጹ ባህላዊ መድኃኒታቸውን፣ 31ኛ አንቀጹ ደግሞ እውቀታቸውን ይጠብቃል፤ ካናዳ ያን ጊዜ ተቃውማ ድምፅ ከሰጡት አራት አገሮች አንዷ ነበረች። አያት ስትለቅም የሚታየው ተክል በጥራት ከተነሣ ፎቶው ምስል ብቻ አይደለም፤ ተክሉን ሊወስድ ለሚፈልግ አድራሻም ነው። እኛ በእንዶድ የደረሰብንን እናውቃለን፤ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊው ቀንድ አውጣ መሞቱን አስተዋለ፤ በኋላ ግን ከተክሉ ጋር የተያያዘ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ እጅ ተገኘ።

ባለካሜራው፦
የእንዶዱ ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል። እንዶድ በፎቶ አልተወሰደም። አክሊሉ ባያስተውልና ባይጽፍ ኖሮ እውቀቱ የእኛ መሆኑን በምን እናስረዳ ነበር? የተመዘገበ ነገር ነው ባለቤቱን የሚያስጠራው።

ሕግ ጠያቂ፦
ባለቤቱን አስጠራ፤ ፓተንቱን ግን አላስቀረም።

ነርሷ፦
ይልቅ የራሳችንን ጸበል ቦታዎች እንይ። ሕሙማን ሲጮኹና ሲወድቁ በስልክ ተቀርጸው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቁ ማን ፈቃድ ጠየቃቸው? ለካናዳ ሽማግሌዎች ክብር የምንቆረቆር ሰዎች በቤታችን ዝም ማለታችን ያሳዝነኛል።

ባለካሜራው፦
እርሱ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚቀረጸው ሰው አእምሮው በእጁ ያልሆነ ሕመምተኛ ነው፤ የሚቀርጸውም ተመልካች ፈላጊ ነው።

ዘካልጋሪ፦
ለምን ሌላ ይሆናል? እዚያ የሚቀርጸውም የራሳችን ልጅ ነው። «ካሜራውን የያዘው እጅ ሲለወጥ ምስሉም ይለወጣል» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እጁ የእኛው ሆኖ ምስሉ ግን አልተለወጠም። የፈውስ ቦታ ካሜራ ሲገባበት የሚታመመው ሰው መታመሙን ትቶ መታየት ይጀምራል፤ ይህ በጸበልም በክሪ ድንኳንም አንድ ነው።

ባለካሜራው፦
ሽማግሌዎቹ ፈቅደው፣ ሥርዓቱ ራሱ ፎቶ ሳይነሣ፣ ዳኞቹም ከሕዝቡ ሆነው ውድድሩ ቢካሄድስ?

ዘካልጋሪ፦
እንደዚያ ያለ ውድድር መጥቶ ደንቡን ሳነብ እነግርዎታለሁ። ትናንት የደገፉት ግን ይህን አይደለም።

ባለካሜራው፦
እንግዲያው መታየቱን አልተቃወሙም፤ የተቃወሙት ደንቡን ነው። አንድ ቀን ሙሉ ያከራከሩን በዳኛ ምርጫ ላይ ነበር ማለት ነው።

ዘካልጋሪ፦
«መታየት የለበትም» ያልኩበትን መስመር ያሳዩኝ። እኔ ያልኩት «ያልታየ ይሞታል» ሐሰት ነው ነው፤ እርስዎም እስካሁን ቃሉን መልሰው አልወሰዱትም።

ባለካሜራው፦
መልሼ አልወስደውም።