የአሞሪም 3-4-3 በሊዝበን ሰምሮ በማንችስተር ለምን ተቸገረ?

የፒያሳው ደጋፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አሰልጣኝ ሩበን አሞሪም ስፖርቲንግ ሊዝበንን እ.ኤ.አ. በ2021 ከ19 ዓመት ጥበቃ በኋላ የፖርቱጋል ሻምፒዮን አደረገ፣ በ2024 ደግሞ ደገመው። ወደ እንግሊዝ ሊሄድ በተቃረበበት ሰሞን እንኳ ቡድኑ ማንችስተር ሲቲን 4 ለ 1 አሸንፎ፣ በሊጉ ያደረጋቸውን 11 ጨዋታዎች በሙሉ በድል አጠናቆ ነበር። ይኸው ሰው ይህንኑ 3-4-3 አሰላለፍ (ሦስት ተከላካዮች፣ ሁለት አማካዮችና ሁለት የመስመር ተመላላሾች፣ ከፊት ሦስት) ይዞ በኅዳር ወር ማንችስተር ዩናይትድ ከገባ በኋላ ግን ክለቡ የውድድር ዓመቱን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ የዩሮፓ ሊግን ፍጻሜም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ክርክሩ «ተጫዋቾቹ አይመጥኑም» በሚሉና «አሰልጣኙ ግትር ነው» በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ተወስኖ ይቀራል። እኔ የምፈልገው ከዚህ ጠለቅ ያለ ማብራሪያ ነው። አንድ የጨዋታ ስልት ከክለብ ወደ ክለብ ሲሻገር ሜዳ ላይ በትክክል የሚበላሸው ምንድን ነው?

የጃን ሜዳው አሰልጣኝ፦
ወንድሜ፣ እኔ ከመስመሮቹ እጀምራለሁ። በ3-4-3 ከአጥቂው ጀርባ ያሉት ሁለቱ ተጫዋቾች ወደ ውስጥ ገብተው ስለሚጫወቱ ሜዳውን በስፋት የሚጠቀሙት የመስመር ተመላላሾቹ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ ተጫዋች በራሱ ሳጥን ተከላካይ፣ በተጋጣሚው ሳጥን ደግሞ የክንፍ አጥቂ መሆን አለበት። ስፖርቲንግ ለዚህ ቦታ ኑኖ ሜንዴስንና ፔድሮ ፖሮን ነበረው። ዩናይትድ ግን ለዓመታት የተገነባው በአራት ተከላካዮች ነው። አሞሪም ከኢፕስዊች ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ በቀኝ መስመር ያሰለፈው በተፈጥሮው አጥቂ የሆነውን አማድ ዲያሎን፣ በግራ ደግሞ ቀኝ እግረኛውን ዲዮጎ ዳሎትን ነበር። ቀኝ እግረኛ በግራ መስመር ሲሮጥ ጫፍ ደርሶ ከማሻገር ይልቅ ኳሱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ እዚያ ደግሞ ተጋጣሚ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። የግራ መስመር ተመላላሹ ፓትሪክ ዶርጉ ከጣሊያኑ ሌቼ የመጣው በውድድር ዓመቱ አጋማሽ በሚከፈተው የጥር የዝውውር መስኮት ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ተመልካች የማያስተውለው ጉዳይ ውሳኔ ነው። ታዳጊዎቼን ከአራት ተከላካይ ወደ ሦስት ሳሸጋግር መጀመሪያ የሚጠፋው ማጥቃቱ አይደለም። የተጋጣሚ የክንፍ ተጫዋች ኳስ ሲቀበል ማን ነው ወጥቶ የሚገጥመው? ተመላላሹ ወይስ የውጪው የመሀል ተከላካይ? ሁለቱም ይወጣሉ፣ ወይም ሁለቱም ይቆማሉ፤ በዚያች ቅጽበት ጥርጣሬ መሀሉ ይከፈታል፣ ሁለቱ አማካዮችም ለሦስት የተጋጣሚ አማካዮች ይጋለጣሉ። ይህ ያለ ሐሳብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን ብዙ የልምምድ ቀን ይፈልጋል፤ በውድድር ዓመቱ አጋማሽ ገብቶ በየሦስትና አራት ቀኑ የሚጫወት አሰልጣኝ ያንን ቀን ከየት ያመጣዋል? አሞሪም ራሱ በውድድር ዓመቱ መጨረሻ መምጣትን ይመርጥ እንደነበር ተናግሯል።

የአራት ኪሎው ተመልካች፦
ማብራሪያውን አከብራለሁ፣ ግን ኦሊቨር ግላስነርም ክሪስታል ፓላስን የያዘው በየካቲት 2024፣ በውድድር ዓመቱ መካከል ነው። የእሱም አሰላለፍ ተመሳሳይ ነበር፤ በ2025 ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ ኤፍ ኤ ካፕን አነሣ። አንቶኒዮ ኮንቴም በ2016 ቼልሲ በአርሰናል 3 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ወደ 3-4-3 ቀይሮ በተከታታይ 13 የሊግ ጨዋታዎችን አሸንፏል። ኮንቴ አሰላለፉን ያመጣው በእጁ ያሉትን ሰዎች ካየ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከስሌቱ ውጭ የነበረውን ቪክተር ሞሰስን ተመላላሽ አደረገው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የለገሃሩ ደጋፊ፦
ተጋጣሚውንም አትርሱ። በፖርቱጋል ስፖርቲንግን የሚገጥሙት አብዛኞቹ ክለቦች በራሳቸው ሜዳ ተሰብስበው ስለሚከላከሉ ተመላላሾቹ ዘጠናውን ደቂቃ እንደ አጥቂ ይጫወቱ ነበር። በእንግሊዝ ግን በሰንጠረዡ ግርጌ ያለ ቡድን እንኳ ከፊት ጀምሮ ጫና ይፈጥራል። በስፖርቲንግ አጭሩ መንገድ ሲዘጋ ረጅሙ ኳስ ከተከላካዮች ጀርባ ለአጥቂው ጊዮክሬሽ ይላክ ነበር፤ እሱም ታግሎ ያስቀረዋል። የዩናይትድ አጥቂዎች ሆይሉንድም ሆነ ዚርክዚ ያንን መውጫ በር አልሆኑም።

የጃን ሜዳው አሰልጣኝ፦
ለአራት ኪሎው ወንድሜ፦ የኮንቴ ቼልሲ በዚያ ዓመት የአውሮፓ ውድድር አልነበረውም፤ ከጨዋታ እስከ ጨዋታ ሙሉ ሳምንት ይለማመድ ነበር። የቀኝ መስመር ተመላላሹ ዳንኤል ሙኞዝም ግላስነር ሲመጣ ፓላስ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ የጠበቀው ተጫዋች ነው። ያም ሆኖ ፓላስ የ2024/25ን ውድድር ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ስምንት የሊግ ጨዋታዎች አንድም ድል አላገኘም፤ ክለቡ ግን ታገሠ።

የአራት ኪሎው ተመልካች፦
የልምምዱን ጉዳይ እቀበላለሁ፣ ትክክል ነዎት። የዩናይትዱን ብሩኖ ፈርናንዴዝን ግን ምን እንበለው? በተጋጣሚ ሳጥን አካባቢ የመጨረሻውን ኳስ የሚሰጥ የቡድኑ ምርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አማካዮች አንዱ ሆኖ ከራሱ ተከላካዮች ፊት የሚሮጡ ሰዎችን ሲያሳድድ ታየ። ይህን የወሰነው የጨዋታ መርሐ ግብሩ ወይም የዝውውር ገበያው አይደለም። ሦስት አማካይ ቢያሰልፍ ኖሮ ብሩኖ በቦታው ይቀር ነበር፤ መሀሉም በቁጥር አይበለጥም ነበር፤ አሰልጣኙ ግን ይህን መንገድ አልመረጠም።