የካቢን ጣሪያን ከቦዲ ጋር ስለማገጣጠምና ስለማለስለስ

ጠያቂ (ጎንደር፣ አዘዞ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በቤተሰቤ ግቢ ውስጥ ለሁለት ሰው የምትሆን ትንሽ አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። አጽሟ አሉሚኒየም ሲሆን፣ የካቢኑን ጣሪያ ግን በጀሶ ቅርጽ ላይ የፋይበር ግላስ ጨርቅ በኤፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ሲቀላቀል በሚደርቅ ሙጫ) እየደራረብሁ ራሴ አውጥቼዋለሁ። ከቅርጹ ሲወጣ ግራና ቀኙ ወደ ውጭ ስለተከፈተ፣ ፊቱ በቦታው ሲቀመጥ ከኋላ በግራ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። በብሎን ስቤ ላስገባው ወይስ በመኪና ስቱኮ ልሙላው? ከዚህ ሌላ፣ በሐምሌ የቀባሁት የመጨረሻው ኤፖክሲ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ስላወጣ ብርጭቆ ወረቀቱ ወዲያው ይደፈናል፤ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን) ስረጭበት ደግሞ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ በየቦታው ታየኝ።

የፋይበር ጀልባ ሠሪ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ በብሎን አይሳቡት። ተስቦ የተያዘ ጣሪያ ወደ ቀድሞው ቅርጹ ለመመለስ ዘወትር ስለሚታገል፣ ጭንቀቱ ውሎ አድሮ በመስኮቱ ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የተከፈተውን ጣሪያ ከውስጥ በእንጨት ድጋፍ ወደ ልኩ መልሼ እይዘዋለሁ፤ ከዚያም በአሉሚኒየሙ ጠርዝ ላይ ኤፖክሲው እንዳይጣበቅበት የማሸጊያ ፕላስተር ለጥፌ ሰም እቀባለሁ። በጣሪያው ከንፈር ላይ፣ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ከሻከረ በኋላ፣ ከደቀቀ የጥጥ ጭረት ጋር እንደ ገንፎ የተለወሰ ኤፖክሲ አድርጌ ጣሪያውን ያለ ምንም ጫና አስቀምጠዋለሁ። በማግስቱ ሲነሣ ኤፖክሲው የክፍተቱን ልክ ይዞ ደርቆ ይገኛል።

ሰም የመሰለው ነገር ማጠንከሪያው ከክረምቱ ርጥበትና ቅዝቃዜ ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው። በውሃ ይለቃልና መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ ይጠቡት፤ ሳይታጠብ ከተፋቀ ግን ወደ ውስጥ ይታሻል፣ ቀለሙንም በኋላ ያስለቅቃል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር የፖሊስተር (የሌላው የፋይበር ሙጫ) ልማድ እንጂ ለኤፖክሲ አይሆንም፤ የእሱ መጠን በሚዛን የተወሰነ ነው።

የመኪና ቀለም ባለሙያ (ጎንደር፣ ማራኪ)

ለጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ፕራይመር መደራረብ አያዋጣም፤ አየሩ ከውስጥ ስለሚቀር ከላይ ይሸፈንና ሲፋቅ ተመልሶ ይከፈታል። ምንም ያልተቀላቀለበት ኤፖክሲ ያፍስሱና በፕላስቲክ ካርድ አጥብቀው እየገፉ ያስገቡት፤ ትርፉን እዚያው ይጥረጉት። ለማለስለስ ደግሞ መዳፍ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም እየተከተለ ስለሚፍቅ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን በረጅም ጣውላ ላይ ለጥፈው በ80 ቁጥር ይጀምሩና በሰያፍ ይፋቁ። ስቱኮውን በተመለከተ ግን እኔ በሥራዬ ሃያ ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ ስስ ከሆነ ምን ችግር አለው?

የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን (አዲስ አበባ)

ችግሩ ክብደቱ ነው። ተራ የመኪና ስቱኮ በሊትር ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ስለሚመዝን፣ በ3 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለቀለቅ ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ ጭነት ይሆናል። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በ18 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጣሉ። ስለዚህ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ደቃቅ የመስታወት እንክብሎች የተቀላቀሉበት ቀላል ኤፖክሲ ይጠቀሙ፤ እሱም ለማለስለስ ብቻ ነው፣ ለማያያዣ አቅም የለውም።

ስለ መስኮቱ አልጠየቁም፤ ነገር ግን ከጣሪያው ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ልጨምር። የመስኮቱ ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ፣ በአንድ ሜትር ርዝመት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። ስለዚህ የብሎኑ ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ይበል፤ የትራፓኖው ፑንታም አክሪሊኩን እንዳይነክስ ጫፉ ይደንዝ። ቲነርና አሴቶን ፈጽሞ አያስጠጉት፤ ወዲያው ባይታይም በኋላ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። የጣሪያው ቀለምም ነጭ ይሁን፤ ያለ ምድጃ የደረቀ ኤፖክሲ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሊለሰልስ ይችላል።

ጠያቂ (ጎንደር፣ አዘዞ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጣሪያውን አስቀምጬ እሑድ ከሰዓት አነሣሁት። ከኋላ በግራ በኩል ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ በቀኝ ፊት ለፊት ግን ፕላስተሩ በደንብ ስላልተደራረበ ኤፖክሲው ሥር ገብቶ አንድ ስንዝር ያህል ተጣብቆ ነበርና፣ በቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ግማሽ ሰዓት ታግዬ አላቀቅሁት። መስኮቱን ክረምቱ ጨርሶ እስኪወጣ አልነካውም።