አሮጌ ዲ90 ልግዛ? ስንት ዓመት ይሠራልኛል?

የከዚራዋ፦
ሰላም የካሜራ ሰዎች። እዚህ ድሬ፣ ሰፈራችን ውስጥ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ አባት አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ሥራውን ትተውታል። ኒኮን ዲ90 ካሜራቸውን ከ18-105 ሌንሱ ጋር ሊሸጡልኝ ነው። እኔ የልደትና የምርቃት ፎቶ ማንሳት መጀመር አስቤያለሁ። አዲስ ለመግዛት አቅም የለኝም። ግን ይሄ ሞዴል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ወንድሜ ደግሞ «አቦ ተይው፣ ጡረታ የወጣ ዕቃ ነው፣ ዓመት አይቆይልሽም» ብሎ አስፈራራኝ። የመያዣው ጎማ ትንሽ ተላቋል፣ ሌላው ደህና ይመስላል። አሮጌ ዲጂታል ካሜራ እውነት ስንት ዓመት ይሠራል? ብሩን ሳልሰጥ ምን ምኑን ልይ?

ሳቢያን 04፦
አቦ ስልክሽ ምን ሆነ? ዘንድሮ በካሜራ የሚያነሳ ማን አለ? ብርሽን ያዢ።

የሐረሩ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ፣ በስልክ ያነሳኸውን የምርቃት ፎቶ በትልቁ አሳትመህ ግድግዳ ላይ ስቀልና እንነጋገራለን።

እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ። ወንድምሽ የፈራው ዓመቱን ቆጥሮ ነው። ካሜራን ቀድሞ የሚያደክመው ዓመቱ ሳይሆን ሥራው ነው። አንድ ፎቶ ባነሳሽ ቁጥር ውስጥ ያለው መስታወት ይነሳል፣ ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ተከፍቶ ይዘጋል። የሚያልቀው እሱ ነው። የዲ90 ሻተር ፋብሪካው ውስጥ የተፈተነው ለ100,000 ጊዜ ነው። የታላቅ ወንድሙ የዲ700 ለ150,000። ይሄ ቁጥር ግን እንደ መድኃኒት ማብቂያ ቀን አይደለም። አልፎት የሚሠራ ሞልቷል፣ ሳይደርስበት የሚቆምም አለ።

ቁጥሩን ማወቅ ከባድ አይደለም። ኒኮን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስንተኛው እንደሆነ ይጽፋል። አሁን አንድ ፎቶ አንሺበትና ሻተር ካውንት በሚያነብ ፕሮግራም ክፈቺው። በቴሌግራም ወደ ስልክሽ ስትልኪው ግን በፋይል መልክ ላኪው። እንደ ተራ ፎቶ ከላክሽው ጨምቆ መረጃውን ያጠፋዋል፣ ከዚያ «ቁጥር የለውም» ብለሽ ትደነግጫለሽ።

ከቁጥሩ በላይ እኔ የምጠይቀው ካሜራው ምን ሲሠራ እንደኖረ ነው። ሰርግ ሲያነሳ የኖረ ካሜራ በአንድ ቀን ከሺህ በላይ ሊተኮስበት ይችላል። በዚያ ላይ በመኪና ጣራ ወጥቶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ በጭፈራ መሃል ተገፍቶ ነው የሚመለሰው። ፎቶ ቤት ተቀምጦ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ካሜራ ግን ተመቻችቶ ነው ያረጀው። የአባትየው ከሁለተኛው ከሆነ ሞዴሉ አሮጌ መሆኑ ብዙም አያሳስበኝም።

ስታዪው የሻተሩን ፍጥነት ወደ 1/4000 ሰከንድ አድርጊና ነጭ ግድግዳ ፀሐይ ላይ አንሺ። ፎቶው ላይ በአንድ በኩል ጠቆር ያለ ጥላ ካለ ሻተሩ ደክሟል፣ ተይው። ቀጥሎ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ወደ 22 አጥብቢና ሰማይ አንሺ። የድሬ ሰማይ ደመና አያበዛም፣ ለዚህ ፈተና የተፈጠረ ነው። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ ፎቶውን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ ነው። በብሎወር፣ በእጅ ተጨምቆ አየር በሚነፋው ጎማ፣ የሚወጣ ከሆነ ችግር የለውም። በአፍሽ ግን እንዳትነፊበት፣ ምራቅ ያርፍበታል።

የጎማው መላቀቅ አያስፈራሽ። ሙቀትና የእጅ ላብ ማጣበቂያውን ያለሰልሱታል፣ በዚህ ሞዴል ላይ የተለመደ ነው። ይልቅ ካሜራውን እንዴት እንደምትይዢው አስቢ። ፋብሪካው እስከ 40 ዲግሪ ነው የሚለው። በሰኔ ቀትር ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተውሽው ያን አልፎ ይሄዳል። እኛ ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆንን በዚህ እንሻላለን፣ አትቀየሙኝ ድሬዎች። የናንተ ደረቅ አየር ደግሞ ለሌንስ ይጠቅማል፤ ሻጋታ የሚወደው እርጥበት ነው። ያም ሆኖ ሌንሱን ፈትተሽ ወደ ብርሃን አዙሪና በውስጡ እዪ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽ ዋጋ አስቀንሺ ወይ ተይ።

አሮጌ ካሜራ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሥራ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በባትሪ ነው። ዲ90 ሜኑው ውስጥ የባትሪውን ዕድሜ ያሳያል፣ ከ0 እስከ 4። 0 ገና አዲስ፣ 4 ያለቀለት። ከአባትየው ጋር ያለው 4 ላይ ከደረሰ የባትሪውን ዋጋ ከሒሳቡ ቀንሺ። ቻርጀሩን ሳትቀበዪ እንዳትሄጂ። ዛሬ ይሄን ቻርጀር ከሱቅ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው።

የመጋላዋ፦
እኔም ዲ90 ነው ያለኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ታይዋን ገበያችን ሄደሽ ትልቅ ሜሞሪ አትግዢ። ይሄ ካሜራ የተሠራው እስከ 32 ጊጋ ላለው ካርድ ነው። 64 ገዝተሽ አልቀበልም ሲልሽ ካሜራው የተበላሸ ይመስልሻል። ሌላው፣ ማታ ብዙ አትጠብቂበት። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፣ ከ1600 ሲያልፍ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። የምሽት ልደት ካለሽ ፍላሽ ያስፈልግሻል።

የሐረሩ፦
ልክ ነሽ። ጅብ ሲበላ ለማንሳት እዚህ ሐረር ፋላና በር ሄጄ በዚሁ ሞዴል ሞክሬ አውቃለሁ። ያለ ፍላሽ የወጣልኝ ጅቡ ይሁን ድንጋዩ አይለይም።

የከዚራዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ አየሁት። ቁጥሩ 38 ሺህ ገደማ ነው፣ የኖረውም ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ነው። ግድግዳውም ሰማዩም ላይ ምንም አላየሁም። የባትሪው ዕድሜ 3 ይላል። አንድ ነገር ብቻ፣ መተኮሻውን በግማሽ ስጫን ሌንሱ ውስጥ ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለ። ይሄ ብልሽት ነው?

የሐረሩ፦
ሌንሱ ጎን ላይ ቪአር የሚል ማብሪያ አለ። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው ነው፣ ሲሠራ ትንሽ ድምፅ ያሰማል። አጥፊውና ጫኚ። ድምፁ ከጠፋ ጤነኛ ነው። ማብሪያው ጠፍቶም የሚንጫጫ ወይም ፎከስ እየፈለገ የሚዋልል ከሆነ ሌንሱን ተይና ካሜራውን ብቻ ግዢ። አሮጌው 50 ሚሊሜትር 1.8 ዲ ሌንስ ይሠራበታል፣ የፎከስ ሞተሩ ካሜራው ውስጥ ስላለ። ለጉርድና ለልደት እሱም ይበቃሻል።

የከዚራዋ፦
አጠፋሁት፣ ድምፁ ጠፋ። ነገ ብሩን ይዤ እሄዳለሁ። ወንድሜንም ቻርጀሩን እንዲሸከም ይዤው ነው የምሄደው።