ቢሉ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ ካለ ቲፕ ደግሜ ልስጥ?

መንገደኛዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። በሚቀጥለው ወር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኒው ዮርክ 5 ቀን እንቆያለን። ስንመለስ ሮም 3 ቀን እናድራለን። በጠቅላላው 7 ነን። አበላችን ቁርጥ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ከኪሳችን ነው የሚወጣው።

ጭንቀቴ ቲፕ ነው። ባለፈው ዓመት ለንደን ላይ ተሸውጃለሁ። እራት በላሁና ቢል መጣ። አስተናጋጁ የካርድ ማሽኑን ሲያቀብለኝ «ቲፕ ይጨምራሉ?» የሚል ጥያቄ አለበት። ቆሞ እያየኝ ስለሆነ አፈርኩና 10% ነካሁ። ሆቴሌ ገብቼ ደረሰኙን ሳየው ለካ 12.5% ሰርቪስ ቻርጅ ቀድሞ ተደምሮበታል። ሁለቴ ከፈልኩ ማለት ነው። አሁን ደግሞ «አሜሪካ 20% ካልሰጣችሁ ተከትለዋችሁ ይወጣሉ» እየተባልን ነው። እውነት ግዴታ ነው? ጣሊያንስ እንዴት ነው?

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
እህቴ፣ አሜሪካ 6 ዓመት ትሪ ተሸክሜያለሁ። ስለዚህ ከእኛ ወገን ያለውን ልንገርሽ።

በሕግ ግዴታ አይደለም። ግን አስተናጋጅ ባለበት ቤት ተቀምጠሽ በልተሽ፣ ምንም ሳትተዪ መውጣት እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው። ነገሩ ከደሞዙ ይጀምራል። የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ይህ ቁጥር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ከቲፑ ጋር ተደምሮ 7.25 ዶላር ካልሞላ ልዩነቱን አሠሪው መሸፈን አለበት። ኒው ዮርክን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች ከ2.13 በላይ ያስከፍላሉ፤ ልማዱ ግን ያው ነው።

ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ቲፑን ብቻዬን አልነበረም የምወስደው። ሳህን ለሚያነሳው፣ መጠጥ ለሚቀዳው አካፍላለሁ። እኔ የሠራሁበት ቤት ድርሻቸው የሚሰላው ከሽያጩ ነበር። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ባዶ ትቶልኝ ሲሄድ የነሱን ድርሻ ከሌላው ቲፔ እያነሳሁ እሰጥ ነበር። ያን ቀን ፊቴ ቢጠቁር አይፈረድብኝም።

ልኩ ከ18 እስከ 20% ነው። 15% ብትሰጪ «ብዙም አልተደሰተችም» ይሉሻል። የሚሰላው ታክስ ከመደመሩ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ አቋራጭ አለ። የሽያጭ ታክሱ 8.875% ስለሆነ ቢሉ ላይ ያለውን ታክስ በ2 ማባዛት ነው። ወደ 18% ይጠጋልሻል።

ሰባት መሆናችሁን ግን ልብ በሉ። ብዙ ቤቶች ሰው 6 ወይም 8 ሲሞላ ቲፑን ራሳቸው ቢሉ ላይ ይጨምሩታል፤ አብዛኛውን ጊዜ 18% አካባቢ። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እሱ ካለ ሌላ አትጨምሩ። የለንደኑ ነገር እንዳይደገም።

ዝም አልልም፦
ይቅርታ፣ እኔ ግን ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። የሰው ሠራተኛ ደሞዝ እኔ የምከፍለው በምን ዕዳዬ ነው? ባለቤቱ ዋጋውን ጨምሮ ይጻፈውና እኔ አውቄው ልግባ። ቡና እንኳ ቆሜ ስገዛ ስክሪኑን ገልብጠው 18፣ 20፣ 25% ይደረድሩልኛል። ለምኑ ነው? ስኒ ስላቀበለኝ?

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ነገር እስማማለሁ። ግን ሥርዓቱን የምትቃወመው አስተናጋጁን ባዶ እጁን አስቀርተህ ከሆነ ባለቤቱ ወሬውንም አይሰማም። በስክሪኑ ላይ ግን እውነትህን ነው። ቆመህ ለምትገዛው ወይም ይዘህ ለምትሄደው ነገር «ኖ ቲፕ» የሚለውን ብትነካ ነውር የለውም። እኔ ራሴ እነካለሁ።

ሒሳብ አዋቂዋ፦
መንገደኛዋ፣ አበላችሁ ቁርጥ ከሆነ ይህን አስቢበት። አሜሪካ ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ታክስም ቲፕም የለበትም። ኒው ዮርክ ላይ ሰባታችሁ የ300 ዶላር ምግብ በላችሁ እንበል። ታክሱ 26.63 ነው። 20% ቲፕ 60 ነው። ድምሩ 386.63 መጣ። «በሰው 43 ዶላር» ብላችሁ የገባችሁት 55 ሆኖ ትወጣላችሁ። ስለዚህ ሜኑውን ስታነቢ በልብሽ ሩቡን ጨምሪበትና ከዚያ እዘዢ፤ ጥቂት ቢያልፍ ነው።

ሌላው የካርድ ማሽኑ ነው። ጣሊያን ላይ «በዩሮ ወይስ በካርድዎ አገር ገንዘብ?» ብሎ ከጠየቀሽ ሁልጊዜ ዩሮ በዪ። ሌላውን ከመረጥሽ ምንዛሪውን የሚያሰሉት እነሱ ናቸው፤ በዚያ ላይ የራሳቸውን ትርፍ ይጭኑበታል።

ሮም የኖርኩ፦
ልጄ፣ የጣሊያኑን ለኔ ተይው። እዚያ ቲፕ ግዴታ አይደለም፤ 20% የሚጠብቅም የለም። አስተናጋጁ መደበኛ ደሞዝ አለው። ጥሩ ካስተናገዱሽ አንድ ሁለት ዩሮ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ መተው ይበቃል።

የሚያደናግረው ቢሉ ላይ የሚመጣው «ኮፔርቶ» ነው። ይህ ቲፕ አይደለም። ለመቀመጫው፣ ለጨርቁና ለዳቦው በሰው የሚታሰብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዩሮ። ሮም ያለችበት የላትሲዮ ክልል በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ኮፔርቶ ከልክሏል። ታዲያ ነጋዴ መላ አያጣም፤ «ፓኔ» ማለትም ዳቦ ብለው ያስከፍላሉ። ዳቦውን ካልፈለጋችሁት ሳትነኩት መልሱት።

«ሰርቪትሲዮ» የሚል ከ10 እስከ 15% ካያችሁ ግን እሱ ሰርቪስ ቻርጁ ነው። ቱሪስት በሚበዛባቸው አደባባዮች አካባቢ አይጠፋም። እሱን ከፍላችሁ ሌላ ቲፕ አይጠበቅባችሁም። ቡናም ባንኮኒው ላይ ቆመው ሲጠጡትና ተቀምጠው ሲጠጡት ዋጋው ሊለያይ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅሁት አንድ ታዋቂ አደባባይ ላይ ተቀምጬ ካጣጣምኩ በኋላ ነው። ቡናው ጥሩ ነበር፤ ቢሉ ግን አንጀቴን አቃጠለው።

ዞሮ አዳሪ፦
ስለ ለንደኑ ልጨምር። እንግሊዝ ውስጥ ሬስቶራንቶች የሚደምሩት ሰርቪስ ቻርጅ አብዛኛው በፈቃድ የሚከፈል ነው፤ ቢሉ ላይም ይጽፉታል። አገልግሎቱ ካላረካሽ «ይህን አንሱልኝ» ማለት ትችያለሽ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኞቹ እንዲደርስ ሕግ ያስገድዳል። በፊት ባለቤቱ ይወስደው ይሆን ብለው የሚጠሉት ብዙ ነበሩ።

ጉዞሽ ውስጥ የለም እንጂ ጃፓንማ ሌላ ዓለም ነው። ቶኪዮ ላይ 500 የን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። አስተናጋጇ «ገንዘብ ረስተዋል» ብላ ሮጣ መንገድ ላይ ደረሰችብኝ። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እዚያ ቲፕ የሚባል ነገር የለም።

ጀርመን ደግሞ ምላስሽን ጠብቂ። በጥሬ ገንዘብ ስትከፍዪ ብሩን ሰጥተሽ ወዲያው «ዳንከ» (አመሰግናለሁ) ካልሽ «መልሱን ያዘው» ማለትሽ ነው። እኔ ለ32 ዩሮ ቢል 50 ሰጥቼ ከልማድ «ዳንከ» አልኩ። 18 ዩሮዬን ለማስመለስ የነበረው ምልልስ አይጣል ነው።

መንገደኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! በጣም ነው የገላገላችሁኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ኒው ዮርክ ላይ ቲፑን በካርድ ልስጥ ወይስ በጥሬው? ካርዱን ወስደው ሲመልሱ ወረቀት ያመጣሉ የሚባለውስ ምንድን ነው?

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
በሁለቱም ይቻላል። ካርዱን ወስደው ከቢሉ ጋር ሁለት ወረቀት ይመልሱልሻል፤ አንዱ ያንቺ ነው። ቤቱ በሚያስቀረው ላይ የቲፑ ባዶ መስመር አለ። እዚያ ትጽፊያለሽ፣ ከሥር ድምሩን ትሞያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ። ድምሩን ራስሽ ጻፊው፤ ክፍት አትተዪው። በጥሬው የምትሰጪ ከሆነ የቲፑን መስመር ሰርዢና ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ።

ባንክሽ መጀመሪያ የሚያሳይሽ ያለ ቲፑ ያለውን ዋጋ ሊሆን ይችላል። ከቀናት በኋላ ከፍ ብሎ ሲመጣ ዘረፉኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ያንቺን ወረቀት ይዘሽ አመሳክሪ። ደግሞ የ1 እና የ5 ዶላር ዝርዝር ያዙ። ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣ ለሚያነሳላችሁ በአንድ ሻንጣ 2 ዶላር ጥሩ ነው፤ 20 ዶላር አውጥቶ መልስ መጠበቅ ግን አይመችም።