የክትትል መዝገቡ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እናትየው ምን ትያዝ?

አዋላጇ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ዙሪያ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የነፍሰ ጡሮችን መረጃ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ጀምረናል። ለእኛ ሪፖርቱ ቀለለን። ለእናቶቹ ግን ጠብ ያለላቸው ነገር የለም።

በቀደም አንዲትን እናት ሪፈር ጻፍንላት። ከተማ ስትደርስ የደም ዓይነቷን ጠየቋት። «እዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አለ» አለቻቸው። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ከእነሱ ጋር አይገናኝም። እንደገና ተመረመረች፤ የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ ነው። በ28ኛው ሳምንት የሾተላይ መርፌ (ደማቸው ኔጌቲቭ ለሆነ እናቶች የሚሰጠውን፣ ሾተላይ መከላከያውን) መውሰድ አለመውሰዷን ግን የሚነግራቸው አልተገኘም። ዋጋውን ታውቁታላችሁ፤ ዝም ብሎ የሚደገም አይደለም።

ባልደረባዬ «በቴሌግራም እንላክላቸው» ይላል። ለማን? ብዙዎቹ የሚሰጡኝ ቁጥር የባላቸው ነው፤ አለዚያም የጎረቤት። ማንበብ የማይችሉም አሉ። እናንተ ጋ ምን ሠራ?

የጠዳ ልጅ፦ ቁጥር ስትመዘግቢ «ስልኩ የማን ነው?» ብለሽ ጻፊበት። የእሷ ካልሆነ የምርመራ ውጤት፣ በተለይ የኤችአይቪ፣ በፍጹም እንዳይላክ። ቀጠሮ እንኳ እሷ ከፈቀደች ብቻ። እርግዝናዋን ለቤት ሰው ያልነገረች አለች እኮ። ማንበብ ለማትችል ደግሞ ደውሎ መንገር ይሻላል።

ኮደሩ፦ ካርዷ ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፉበት። ሆስፒታሉ በስልክ ስካን ያደርገዋል፣ አለቀ።

አዋላጇ፦ አላለቀም ወንድሜ! መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ? ሌሊት ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት ኔትወርክ እስኪመጣ ቆዪ አትላትም።

እትዬ ጡረተኛዋ፦ ልጄ፣ ቀኑስ በማን አቆጣጠር ነው? የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ስትያት «የጥምቀት ማግስት» ትልሻለች። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ቀን ያወጣዋል፤ እሷ ምን ልታደርገው? እኛ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን እንደምር ነበር። ጳጉሜን ካለፈ 5 ቀን ብቻ፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 4። ስለዚህ ጥር 12 ያለችሽ ጥቅምት 17 አካባቢ ትወልዳለች። ወረቀቷ ላይ ይህንኑ ጻፊላት። ከወሩ ቀድማ እናቶች ማቆያ መግባት ካለባት በየትኛው በዓል ሰሞን እንደሆነም በቃል ንገሪያት።

አዋላጇ፦ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ግማሽ ገጽ ወረቀት አትመን እንሰጣለን፦ የደም ዓይነት በትልቁ፣ መርፌው የተሰጠበት ቀን፣ የመውለጃዋ ቀን በእኛ አቆጣጠር። ኮደሩ፣ ኮድህንም ከሥሩ እናስገባዋለን፤ ግን ስልክ ላይ ሲከፈት ስሟ ለማንም እንዳይታይ ማድረግ ትችላለህ?

ኮደሩ፦ ይቻላል። የካርድ ቁጥር ብቻ ይታያል፣ ሌላው በይለፍ ቃል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።