በርጩማው ተሰነጠቀብኝ፤ አባዬ ደግሞ «እስከ መስከረም» ብሏል

ሰላም የእንጨት ሰዎች፣ ምክር ፈልጌ ነው። አባዬ ምህንድስና ግባ ይላል፣ እኔ የምፈልገው ቅርጻ ቅርጽ ነው። አዲስ አበባ ያለው «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዲግሪ ይሰጣል ብለው «ዲግሪ አይበላም» አለኝ። ስድስት ያልተሰነጠቁ በርጩማዎች እስከ መስከረም ሠርቼ ከሸጥኩ ግን ይተወኛል።

ሥራው የጅማው ባለ ሦስት እግር ነው፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የሚወጣው። ስንጥቁ ከመቀመጫው መሃል ተነስቶ ጠርዝ ድረስ ይሄዳል። ምክንያቱ ይገባኛል፦ የግንዱ እምብርት፣ ማለትም የዕድሜ ቀለበቶቹ መሃል፣ እዚያው ቀርቷል። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከመሃል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው፤ የሆነ ቦታ መቀደዱ አይቀርም።

አሁን እርጥቡን ጠርቤ ከመጨረሻው ልክ 2 ሴንቲሜትር አወፍረዋለሁ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ሰም እቀባለሁ፣ በጆንያ ሸፍኜ ጥላ ውስጥ አኖረዋለሁ፣ በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው፣ ያኔ ወደ መጨረሻው ልክ እጠርበዋለሁ። ግን ክረምት ነው፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሚዛኑ ገና ከእርጥቡ ክብደት ንቅንቅ አላለም። ምድጃ አጠገብ እንዳላደርገው ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይብስበታል።

ግንዱን ለሁለት ከፍዬ እምብርቱን ላውጣው? ለ35 ሴንቲሜትር መቀመጫ ከ70 በላይ ስፋት ያለው ግንድ ይጠይቃል። ከመንግሥት ደን ዋንዛ መቁረጥ ክልክል ነው፣ ከገበሬ ጓሮ ደግሞ እንዲህ ያለው ውድ ነው። ወይስ ከሥር በኩል እምብርቱን ፈልፍዬ ልተወው? ሞክሮ የተሳካለት ካለ፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደፈለፈለ ቢነግረኝ።